ባዶ ነው ያልነው ቦታ

ባለፈው መንፈቅ አንዲት የባዮሎጂ ተማሪ ለዚህች መጽሔት ሦስት ገጽ ጽሑፍ ይዛልን መጣች። ርዕሱ «ሃያሉሮናን በእንቁራሪት ሽል ውስጥ» ይላል። እኛ አዘጋጆቹ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ነን፤ ርዕሱን አይተን ተጠቃቀስን። አንዳችንም «እህቴ፣ ይኼ እኮ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ነው፤ የኩሬ አይደለም» አላት። ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። «አንብባችሁ ብትስቁ ባልከፋኝ ነበር» ብላ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታልን ሄደች።

ከዚያ በኋላ በመንገድ ስንገናኝ ሰላምታዋ ቀዘቀዘ። እውነቱን ለመናገር ወረቀቱን ያነሳነው ለእውቀት ጓጉተን ሳይሆን አፍረን ነው። ዳሩ ግን አንድ ጊዜ ከጀመርን በኋላ ሌሎች ጽሑፎች ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ገባን። እነሆ የተረዳነው፦

እኛ ሽል ሲባል የሚታየን ግንብ ነበር። ሴል እንደ ጡብ ይደረደራል፤ መካከሉ ክፍተት ነው፤ ክፍተት ደግሞ ባዶ ነው። በቃ! ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሳይንቲስቶቹ የሚያጠኗት ዜኖፐስ ሌቪስ የምትባለው የደቡባዊ አፍሪካ እንቁራሪት ናት (ዜኖፐስ ክሊቪ የተባለች ዘመዷ በእኛው ደጋ ውኆች ውስጥ ትኖራለች)። እንቁላሏ ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ከተዳቀለ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆነው ለሁለት ይከፈላል፤ አሥር ሰዓት ያህል ሲሞላው ደግሞ ሴሎቹ መጓዝ ይጀምራሉ። ከውጭ የነበሩት ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ጋስትሩሌሽን የሚሉት ይህን ነው። እንግዲህ መንገደኛ ካለ መንገድ ሊኖር ነው። ታዲያ መንገዱ ከምን ተሠራ?

ከመንገዱ አንዱ ክፍል ሃያሉሮናን ነው። ሁለት ዓይነት ስኳሮች እየተፈራረቁ የሚቀጣጠሉበት ረጅም ክር ነው፤ ሀ ለ ሀ ለ እያለ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ለሰዋስው ሰው ከዚህ የቀለለ ዓረፍተ ነገር የለም! ሆኖም ይህ ቀላል ክር ብዙ ውኃ ይይዝና ያብጣል፤ ሲያብጥም በሴሎቹ መካከል ቦታ ይከፍታል። አሠራሩም ለብቻው ነው። ዘመዶቹ የሆኑት ሌሎች የስኳር ክሮች በሴሉ ሆድ ውስጥ ተሠርተው ኋላ ሲላኩ፣ ይኼኛውን ግን በሴሉ ሽፋን ላይ የተቀመጠ ኢንዛይም እየሠራ ወዲያው ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሴሉ መንገዱን ከራሱ ደጃፍ ላይ ያወጣዋል ማለት ነው።

ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። ካርል ሜየርና ጆን ፓልመር ከከብት ዓይን ውስጥ ካለው ዝልግልግ ነገር አወጡት፤ ሃያሎስ በግሪክኛ መስተዋት ነውና ስሙን ከዚያ ወሰዱለት። የእንቁራሪቷ ታሪክ ግን የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። በ1988 ተመራማሪዎች በጋስትሩሌሽን ጊዜ ነቅቶ ኋላ የሚጠፋ አንድ ጂን ገለጹ። ሥራውን ስላላወቁ ዲጂ 42 ብለው ቁጥር ሰጡት። ቁጥር ስም ነው እንዴ? ኋላ ሁለት ዘመዶች ተገኙለት። አንዱ በጥራጥሬ ሥር ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ያለ ሲሆን አጫጭር የካይቲን ቁርጥራጭ ይሠራል፤ ካይቲን የነፍሳት ቅርፊት የሚሠራበት ነገር ነው። ሌላው ስትሬፕቶኮከስ ከሚባለው ባክቴሪያ ያለው ነው፤ ሃያሉሮናን ይሠራል። እንቁራሪቷ ወደ ማን ትሂድ? በ1995 ሴሚኖና ሮቢንስ «ካይቲን ነው የሚሠራው» አሉ። በ1996 ደግሞ የሳልዝቡርጎቹ ሜየርና ክራይል ጂኑን የተሸከሙ ሴሎች ሃያሉሮናን እንደሚሠሩ አሳዩ። ዛሬ ያ ቁጥር ሃያሉሮናን ሲንቴዝ 1 እየተባለ ይጠራል፤ ስሙን ለማግኘት ስምንት ዓመት ጠበቀ።

ከሁሉም ልባችንን የነካው በ2012 ከጣልያን አገር፣ ከፒዛ የወጣው ጥናት ነው። ፊትን የሚሠሩት ሴሎች የሚወለዱት ከሽሉ ጀርባ አካባቢ ነው፤ ተጉዘው መምጣት አለባቸው። ተመራማሪዎቹ የሃያሉሮናኑን ሥራ ሲቀንሱት እነዚያ ሴሎች ጉዟቸው ተሰናከለ፤ የግልገሎቹ የፊት ለስላሳ አጥንትም ተበላሸ። ፊት የሚያህል ነገር ባዶ ባልነው ቦታ ምክንያት ተጣመመ!

ይህን ካነበብን በኋላ እርስ በርሳችን መተያየት ከበደን። በዚህ ግቢ ስንት ዓመት ኖረን ከሳይንስ ተማሪዎች ጋር የተነጋገርነው ስለ ምግብና ስለ ፈተና ብቻ ነው። በእነሱና በእኛ መካከል ያለውን ቦታ «ክፍተት» ብለን አልፈነዋል። ቦታውን በሳቅ የዘጋነውም እኛው ነን፤ መንገድ ይዛ የመጣችው እሷ ነበረች።

ባለፈው ሳምንት ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት። ጽሑፏን እናውጣው አልናት። «አሁንማ ለክፍል ሥራ አስረክቤዋለሁ፤ እናንተ ጻፉት» አለች። ጽፈን ወሰድንላት፤ ሦስት ስህተት አረመችልን፤ «ሴል አይወስንም፣ ተዉት» ብላም አንድ ያማረ ዓረፍተ ነገራችንን ሰረዘችው። ስሟን እንድንጠቅስ ግን አልፈቀደችም።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የእሷን ቦታ የያዘ የእኛ ዕዳ ነው። ለሚቀጥለው እትም ስለ ድንጋይም ሆነ ስለ ኩሬ የጻፈ ካለ ያምጣልን። የምንስቅም ከሆነ አንብበን እንስቃለን።