ጋራዥ ሲገባ የሚድን ፍሬቻ

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጅዎ በየጠዋቱ የሚሳፈርበትን የትምህርት ቤት ሰርቪስ ከኋላው ቆመው አይተውት ያውቃሉ? እኔ አላውቅም ነበር። ልጄን በሩ ላይ ስሜ፣ ቦርሳዋን አቀብዬ፣ ረዳቱን “አደራ” ብዬ ወደ ሥራዬ መሮጥ ነበር ልማዴ።

ከኋላ ያየሁት በአጋጣሚ ነው። ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ልጄ ምሳ ዕቃዋን ረስታ ሄደች። እኔም ምሳ ዕቃውን ይዤ ከፉሪ በባጃጅ ተከተልኳት። ሃና ማርያም አካባቢ ስንደርስ ሰርቪሱን ከፊታችን አየነው። ፍጥነቱን ቀነሰ። የፍሬን መብራቱ በራ፤ ፍሬቻ ግን አልነበረም። የባጃጁ ልጅ ሰው ሊያወርድ የቆመ መስሎት በግራ በኩል ሊያልፈው ወጣ። አውቶቡሱም ያኔውኑ ወደ ግራ ታጠፈ። ፍሬን እንዴት እንደተያዘ አላስታውስም። የማስታውሰው በእኛና በአውቶቡሱ ጎን መካከል የቀረው ቦታ ክንድ እንደማይሞላ ነው። ልጄ በመስኮቱ አየችኝ፤ ምኑንም ስላላወቀች በደስታ እጇን አወዛወዘችልኝ።

ማታ በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የጻፍኩትን አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። “ፍሬቻ በሌለው መኪና ልጆቻችንን እየጫኑ ነው” አልኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ “ሌላ ሰርቪስ እንፈልግ” የሚሉ መልሶች ተደረደሩ። ሹፌሩ በዕድሜ የገፉ፣ ልጆቹ ሁሉ “ጋሼ” የሚሏቸው ሰው ናቸው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደወሉልኝ። “እህቴ፣ ሦስት ጊዜ አሠርቼዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ አምፖል ቀየሩልኝ። ጋራዥ ሲገባ ይሠራል” አሉኝ። አላመንኳቸውም።

በማግስቱ በራችን ላይ አቁመው ፍሬቻውን አበሩልኝ። ግራው በራ፣ ቀኙም በራ። ቤት ውስጥ ሲያቃጥለው አድሮ ሐኪም ፊት ሲቀርብ እየዘለለ የሚጫወት ልጅ ያሳደገች እናት ነገሩ ይገባታል። እኔም ያየሁትን አይቻለሁ፤ እሳቸውም አልዋሹም። ቅዳሜ አብሬያቸው ኤሌክትሪሺያን ጋ ልሄድ ተስማማን።

ሰርቪሳችን በተለምዶ ቅጥቅጥ የምንለው ዓይነት ነው። ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል። ሻንሲው፣ ሞተሩና መሪው የአይሱዙ የጭነት መኪና ናቸው። የሰው መቀመጫው፣ መስኮቱና ጣሪያው እዚሁ አገር ቤት ከብረትና ከላሜራ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ የኋላ መብራቶቹ የጭነት መኪና መብራቶች ነበሩ። አካሉ ተቀይሮ አውቶቡስ ሲሆን መብራቶቹ ወደ አዲሱ የኋላ ላሜራ ተዛወሩ፤ ገመዱም እየተቀጠለ ተከተላቸው። ያ ቅጥያ እንግዲህ ለዓመታት የፉሪን ጭቃ፣ አቧራና ዝናብ ሲቀምስ ኖሯል።

ወጣቱ ኤሌክትሪሺያን አምፖሉን አልነካም። አስቀድሞ “መቼ መቼ ነው የሚጠፋው?” ብሎ ጠየቀ። ጋሼ መልስ አልነበራቸውም፤ እሳቸው ከፊት ነው የሚቀመጡት። የፊቱ ፍሬቻ ይበራል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀስትም ብልጭ ድርግም ትላለች። ከኋላ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝና “ፍሬን ይዘው ነበር” አልኩ። ልጁ ፈገግ አለ።

ጋሼን የግራ ፍሬቻውን እንዲያበሩ አደረገ። ሠራ። የማታ መብራቱን አስጨመራቸው፤ የፍሬቻው ብርሃን ደበዘዘ። “አሁን ፍሬን ይርገጡ” አላቸው። ፍሬቻው ቀጥ አለ። እግራቸውን ሲያነሱ ተመለሰ። ደግመን ደጋግመን ሞከርነው፤ ያው ነው።

ምክንያቱን እንዲህ አስረዳኝ። ኤሌክትሪክ ወደ አምፖሉ መሄዱ ብቻ አይበቃም፤ ወደ ባትሪው መመለሻ መንገድም ይፈልጋል። በመኪና ላይ መመለሻው ብዙውን ጊዜ የመኪናው ብረት ነው፤ ግራውንድ ይሉታል። የእኛ አውቶቡስ የኋላ መብራቶች በሙሉ የሚመለሱት ላሜራው ላይ በታሰረች አንዲት ብሎን በኩል ነበር። ብሎኗ በቀለም ላይ ታስራ፣ ከሥሯ ዝጋለች። ጠባብ የሠፈር መንገድን ያስቡ። አንድ ባጃጅ ሲሆን ያልፋል፤ ሦስት መኪና አንድ ላይ ሲመጣ ይዘጋል። ፍሬቻው ለብቻው ሲሆን በዚያች ዝገት ውስጥ ተሹለክልኮ ያልፋል። የፍሬን መብራት ሲጨመርበት መንገዱ አይበቃም።

ጋራዥ ሲገባ ለምን “እንደሚድን” ያኔ ገባኝ። ጋራዥ ውስጥ ፍሬን ረግጦ ፍሬቻ የሚያይ አልነበረም። መንገድ ላይ ግን ፍሬን ሳይዝ የሚታጠፍ ሹፌር የለም። ስለዚህ ፍሬቻው የሚጠፋው በትክክል በሚያስፈልግበት ሰዓት ላይ ነበር ማለት ነው።

ጋሼ እንዴት አላወቁም? ጤነኛ ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ይበራል። በብዙ መኪኖች አንድ አምፖል ሲቃጠል የቀሩት ከወትሮው ፈጥነው ስለሚበሩ ሹፌሩ ከድምፁ ይነቃል። በእኛ አውቶቡስ ላይ ግን ፍላሸሩ የአምፖሉን ብዛት በማይለይ ዓይነት ተቀይሯል። ከኋላው ቢጠፋም ባይጠፋም ድምፁ አንድ ነው። ጋሼ ምልክት አሳይቻለሁ ብለው ይታጠፋሉ፤ ከኋላ ያለው ደግሞ ምንም አላየም። ከሁለቱ አንዳቸውም ጥፋተኛ አይደሉም።

ልጁ ግምቱን ለማረጋገጥ ረጅም ገመድ አወጣ። አንዱን ጫፍ ከባትሪው ነጌቲቭ፣ ሌላውን ከኋላው መብራት ግራውንድ ጋር አገናኘው። ፍሬን ተረግጦም ፍሬቻው ደምቆ በራ። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ሥራ ነበር። ቀለሙንና ዝገቱን ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ፋቀ፣ አዲስ ብሎን አሰረ፣ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኝ ተጨማሪ ገመድ ዘረጋ። በፕላስተር ብቻ የተጠቀለሉትን ቅጥያዎችም ፈትቶ በብየዳ አያያዛቸው። ከምሳ ሰዓት በፊት ጨረሰ።

ይህን የጻፍኩልዎት ኤሌክትሪሺያን እንዲሆኑ አይደለም። ሁለት ሰውና ሁለት ደቂቃ ብቻ የሚፈልግ ሙከራ ስላለ ነው። አንዱ ከመሪው ኋላ ይቀመጥ፣ አንዱ ከመኪናው ኋላ ይቁም። መብራት ይብራ፣ ፍሬን ይረገጥ፣ ከዚያ ግራ፣ ከዚያ ቀኝ ይታይ። ፍሬን ሲያዝ ፍሬቻው ከደበዘዘ ወይም ከቆመ መጀመሪያ ግራውንዱ ይታይ። አንዱ ጎን ብቻ ከተፋጠነ የተቃጠለ አምፖል ይኑር አይኑር ይፈተሽ። መብራቱን መታ ሲያደርጉት የሚበራ ከሆነ የአምፖሉ መያዣ ላልቷል። አራቱንም በአንድ ጊዜ የሚያበራው ሃዛርድ እየሠራ ፍሬቻው ለብቻው እምቢ ካለ ደግሞ ፊውዙንና ከመሪው ሥር ያለውን ማንሻ ያሳዩ። ለሠራተኛውም “ፍሬቻው አይሠራም” ብቻ አይበሉት፤ መቼ እንደሚጠፋ ይንገሩት። የእኛ ጋሼ ሦስት ጊዜ አምፖል የገዙት ያንን የሚነግራቸው ሰው አጥተው ነው።

“ቦሎ አለው እኮ” ይሉኝ ይሆናል። የእኛም ነበረው። የዓመቱ ምርመራ መኪናው በዚያች ቀን የነበረበትን ነው የሚያየው። የቀሩትን ቀናት ማየት የእኛ ፋንታ ነው። ጨርሶ የሞተ ፍሬቻ ቶሎ ይታያል፣ ይሠራል። አንዴ የሚበራ አንዴ የሚጠፋው ግን ሁላችንንም እያታለለ ልጆቻችንን ይዞ ይዞራል።

እሁድ ማታ ግሩፑ ላይ ሁለተኛ መልእክት ጻፍኩ። ጋሼን በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኩ፤ የጥገናውንም ወጪ እንድንካፈል ሐሳብ አቀረብኩ። ማንም አልተቃወመም። ከዚያ ወዲህ ዘወትር ሰኞ ጠዋት ተራ የደረሰው ወላጅ ከአውቶቡሱ ኋላ ይቆማል። ጋሼ ፍሬን ይረግጣሉ። ልጆቹ በመስኮት አንገታቸውን አስግገው “ግራ!” ብለው ይጮኻሉ፤ የቆመው ወላጅ “በራ!” ይላል። “ቀኝ!” ይላሉ፤ “በራ!” ይላል። አውቶቡሱ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።