ውኃ ይወስደዋል

አቃቂ በምኖርበት ሰፈር የክረምት ዝናብ ሲበረታ በሌሊት የሚሠራ ሥራ አለ። ጎርፉ ዲቹን ሞልቶ ሲጋልብ፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የሞላበት ሰው አጥሩ ሥር የቀበራትን ቱቦ ይከፍታታል። ለመጣጩ ቦቴ የሚከፈለው ብር ኪስ ውስጥ ይቀራል። ዲቹም ታጥቦ ያድራል። አንዱን ጎረቤቴን ‹‹ጋሼ፣ ይሄ ነገር ወዴት ነው የሚሄደው?›› ብላቸው፣ ‹‹ወንዝ ነዋ! ውኃ ይወስደዋል›› አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፣ ይወስደዋል። ወስዶ የት እንደሚያደርሰው ግን ማንም አይጠይቅም። ትልቁም ትንሹም አቃቂ የአዲስ አበባን ጉድ ተሸክመው ነው ወደ እኛ የሚወርዱት። ዳር ዳሩን ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ይለማበታል። የተረፈው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባና ከዚያ ወደ አዋሽ ይቀጥላል። ግድቡ ላይ የተነጠፈውን እምቦጭ ከሩቅ ያየ ሰው ልምላሜ ይመስለዋል። ምን በልቶ እንደወፈረ ለማወቅ ግን ምሁር መሆን አያሻም።

ጎመኑስ እሳት ያየዋል። ሰላጣ ግን ጥሬውን ነው የሚበላው። በጾም ወራት የኛ ቤት ገበታ ያለ ሰላጣ አይቀርብም፤ እናንተስ ቤት?

ደግሞ እኮ መላው ከደጃችን ነው። ቃሊቲ ላይ በ1970ዎቹ የተሠራው ማጣሪያ ሰፋፊ ኩሬዎች እንጂ ሌላ ተአምር አልነበረውም። ፍሳሹ ኩሬ ውስጥ ሲተኛ ደለሉ ይዘቅጣል፤ አልጌ በፀሐይ ኦክስጅን ይሠራል፤ ባክቴሪያ ያንን እየተነፈሰ ቆሻሻውን ይበላል። ደመወዝ የለ፣ መብራት ጠፋ የለ! የወስፋት እንቁላል እንኳ ከሳምንት በላይ ከቆየ ከሥር ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመስኖ የሚፈቅደው በሊትር ከአንድ እንቁላል ያልበለጠ ነው፤ በደንብ የተያዘ ኩሬ ደግሞ እዚያ ይደርሳል። (የቆዳ ፋብሪካ ክሮም ሌላ ጣጣ ነው፤ እሱን ባክቴሪያም አይበላው፣ እዚያው ፋብሪካው በር ላይ ነው መያዝ ያለበት።)

አሁን በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ የሚያጣራ ትልቅ ጣቢያ እዚያው ቃሊቲ ቆሟል። ደስ ይላል። ግን ማጣሪያ የሚያጣራው የደረሰውን ነው፤ ዋናው መስመር በእኛ ቅያስ አላለፈም። ትንንሾቹ ከተሞቻችን ደግሞ ጨርሶ መስመር የሚባል ነገር የላቸውም። እኔን ብትጠይቁኝ ለእነሱ ኩሬና የዝቃጭ ማድረቂያ ይበቃቸዋል እላለሁ። ችግሩ ኩሬ መሬት ይፈልጋል። በከተማ ዳር የተረፈ መሬት ሲገኝ ደግሞ ለሽታ አሳልፎ የሚሰጥ ሹም እስካሁን አላየሁም፤ ሪባን የሚቆረጥለት ሕንፃ ይሻለዋል።

ወንዙ ዳር ሰላጣ የሚያለሙ አንዲት እናት አሉ። ውኃው እንደሚያሳምም ስነግራቸው ቀና ብለው አዩኝ፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነው።

‹‹ልጄ፣ እኔም አሸተዋለሁ እኮ። በጋ ከክረምት የማይደርቅ፣ ማዳበሪያ የማያስገዛ ውኃ ሌላ የት አለ?››

የኩሬውን ነገር አስረዳኋቸው፤ የተጣራውም ውኃ ቢሆን ለአትክልት የሚሆነው ማዳበሪያ ከፊሉ ውስጡ እንደሚቀር ጭምር። ባልዲያቸውን እየሞሉ ጥሞና ሰጥተው አዳመጡኝ።

‹‹ታዲያ እሱን አምጡልኛ!›› አሉ፤ ‹‹እኔ ምን ቸገረኝ፣ እሱን አጠጣለሁ።››