ለግድግዳ የሣልሁት ሥዕል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው ዓመት መስከረም 16 ቀን፣ በመስቀል አደባባይ ደመራውን አክብሬ ስመለስ፣ የሳሎናችንን ባዶ ግድግዳ ለማስጌጥ አሰብሁ። ሸራ ወጥሬ፣ ከመጋረጃው ጋር በሚስማማ ቀለም ሥነ ስቅለቱን ሣልሁ፤ የጌታችንን ፊት እንኳ በችኮላ ጨረስሁት። ሥዕሉ በተሰቀለ ማግሥት፣ እናቴ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ከፊቱ ስትሰግድ አየኋት፤ አፈርሁም። እኔ ለግድግዳው የሠራሁት ነበር፤ እርሷ ግን ስለ ልጆቿ ትለምንበት ነበር።

ቀደምት ሠዓልያን በጥጥ ጨርቅ ላይ ሥለው በመቅደስ ግድግዳ ሲለጥፉ፣ ጻድቃንን በሁለት ዐይን፣ ርኩሳንን በጎን በአንድ ዐይን መሣላቸው ሥዕሉ ለሚጸልይ ሰው ትምህርት ስለሆነ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ለቤታችን ጌጥ አበባውንና ተራራውን እንሣል፤ ቅዱሳት ሥዕላትን ግን ሥርዓቱን ከመምህር ተምረን፣ በጸሎት እንጀምር። እኔም ከንስሐ አባቴ ጋር ተመካክሬ፣ በአዲስ ሸራ ከፊቱ ጀምሬአለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።