ከኒስ እስከ ቬንቲሚሊያ በባቡር

ደቡብ ፈረንሳይ ዘመድ ለመጠየቅ የምትሄዱ ሁሉ፣ ከኒስ ተነስቶ ድንበር ተሻግሮ ጣሊያን ቬንቲሚሊያ የሚገባውን ባቡር ሳትሳፈሩ አትመለሱ። መንገዱ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስትሄዱ በቀኝ በኩል መስኮት ስር ተቀመጡ፤ የሜዲትራኒያን ባሕር ያለው በዚያ ነው።

ተራራው ቀጥ ብሎ ባሕር ውስጥ የሚገባበት አገር ስለሆነ ሐዲዱ የተዘረጋው ዓለት እየተፈለፈለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ሞናኮ፣ በ1872 ደግሞ ቬንቲሚሊያ ደረሰ። ከዋሻ ወጥታችሁ ዓይናችሁ ብርሃኑን ሳይለምድ ሌላ ዋሻ ይውጣችኋል። በመሃል ቪልፍራንሽ ላይ ሰማያዊው ባሕር ወለል ብሎ ይታያል፤ ዳርቻው ላይ ቢጫና ብርቱካናማ ቀለም የተቀቡ አሮጌ ቤቶች ተደርድረዋል። የሞናኮ ጣቢያ ከ1999 ወዲህ ከመሬት በታች ስለሆነ ባሕሩን አትጠብቁ። ቀጥሎ በየካቲት ግድም የሎሚ በዓል የሚከበርባት ማንቶን ትመጣለች። ቬንቲሚሊያን ዓርብ ዕለት ብትሄዱ ትልቁ ገበያ ይጠብቃችኋል።

ገበያውን አይቼ ወደ ጣቢያው ስመለስ ነው ልጆቹን ያየኋቸው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዚህ ድንበር ላይ ፍተሻ ስለመለሰች፣ ከሱዳን፣ ከኤርትራ፣ ከእኛም አገር የመጡ ወጣቶች እዚህ ይቆማሉ። አንዱ ጠጋ ብሎ፣ «እማማ፣ ሐበሻ ነዎት?» አለኝ። እግሩ ውኃ ቋጥሮ ፈንድቷል። በያዝኩት የታሸገ ውኃ አጥቤ በፋሻ ጠቀለልኩለት። ስጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ባቡሩ ላይ የማይታይ ቦታ የቱ ጋ ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

በነርስነት ዘመኔ በኤሌክትሪክ የተቃጠለ ሰው አክሜአለሁ። ላዩ ላይ ትንሽ ቁስል ይታያል፤ ውስጡ ግን ሥጋው በስሏል፣ ልቡ ተመትቷል። በፈረንሳይ በኩል ከባቡሩ በላይ ያለው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ይሸከማል። መንካት አያስፈልግም፤ የቀረበውን ሰው ዘሎ ይይዛል። በዚህ መስመር ጣሪያ ላይ ወጥተው፣ ኤሌክትሪክ ክፍል ውስጥ ተደብቀው የሞቱ ወጣቶች አሉ። ይህን ሁሉ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝና፣ «እማማ፣ እኔ እኮ ሊቢያን አልፌ ነው የመጣሁት» አለ። መልስ አጣሁ።

ስመለስ ማንቶን ጋራቫን ላይ ፖሊሶች ገቡ። ፓስፖርቴን ሰጠሁ፤ ቪዛዬን አይተው መለሱልኝ። ሦስት ልጆች ይዘው ወረዱ፤ የእኔው ልጅ ከመካከላቸው አልነበረም። ባቡሩ ሲነሳ ሰዉ ስልኩን አውጥቶ ባሕሩን ፎቶ ማንሳቱን ቀጠለ።

ልጁ በስደት መንገድ ላይ ያለ ወላጅ ይህን ያንብብ። «አትሂድ» የምንልበት ጊዜ ብዙ ጊዜ አልፏል። ስልክ ሲደውሉ ግን ገንዘቡ ከመነሳቱ በፊት ይህ ይነገራቸው፦ ባቡር ጣሪያ ላይ አትውጡ፣ የኤሌክትሪክ ክፍል አትግቡ። በፖሊስ ተይዞ የተመለሰ ልጅ በማግስቱም ስልክ ይደውላል።