ከደመወዝ ማግስት በእህል በረንዳ

መርካቶ፣ ስሙ እንደሚመሰክረው፣ የጣልያን ዘመን ትራፊ ነው። ከዚያ በፊት የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ በአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይውል ነበር። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማይቱን ይዘው በቆዩበት ጊዜ የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩት፤ በቋንቋቸው ገበያ ማለት መርካቶ ነውና ስሙም በዚያው ጸና። ጣልያን ሄደ፤ ገበያው ግን እየሰፋ ሄደ እንጂ ወደ አራዳ አልተመለሰም።

እንግዳ ሰው ወደ መርካቶ ሲመጣ ሸማ ተራን ወይም አሮጌ ቆርቆሮ ሁሉ አዲስ ሕይወት የሚያገኝበትን ምናለሽ ተራን ያሳዩታል። በጠባብ ደመወዝ ቤተ ሰብ የሚያስተዳድር ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊያየው የሚገባው ስፍራ እህል በረንዳ ነው። ለዓይን የሚያምር ነገር የለበትም። ከጣራ እስከ መሬት የተደረደረ ጆንያ፣ ትከሻው በዱቄት የነጣ ተሸካሚ፣ ጉሮሮ የሚከረክር የጤፍ ብናኝ፣ ጭነቱን ለማራገፍ ተራ የሚጠብቅ የጭነት መኪና፤ ይኸው ነው። ነገር ግን የእንጀራችን ዋጋ ወዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ እዚህ ቆሞ እንደመመልከት ያለ ትምህርት የለም።

አዋቂ ገዢ ወደ ነጋዴው ቀርቦ መጀመሪያ ዋጋ አይጠይቅም። ከጆንያው አፍ አንድ እፍኝ ጤፍ ያነሣል፤ በመዳፉ ላይ ዘርግቶ እፍ ይልበታል፤ ገለባው ሲበር አፈርና አሸዋው ወደ ኋላ ይቀራል። ቀጥሎ ጥቂቱን በጥርሱ ይሞክራል። ከዚያም እጁን እስከ ክርኑ ድረስ ወደ ጆንያው ውስጥ ይሰዳል፤ ላይ ያለው እህል ብዙ ጊዜ ከታቹ ይልቅ ያማረ ነውና። ነጋዴውም ይህን ያየ እንደሆነ፣ «ጋሼ፣ እርስዎስ የሚያውቁ ሰው ነዎት» ብሎ ይሥቃል፤ ዋጋውንም ከዚያ ወዲያ በጭዋ ወግ ይነጋገራሉ።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው። ገበሬው የሸጠው ጤፍ ከአውራጃ ገበያ ሰብሳቢ፣ ከሰብሳቢ ባለመኪና፣ ከባለመኪና የእህል በረንዳ ነጋዴ፣ በመካከሉም ደላላ፣ ከዚያም ወፍጮ ቤት፣ በመጨረሻም የሰፈር ሱቅ እየተቀባበሉት ወደ እኛ ይደርሳል። ሁሉም ድርሻውን ያነሣል፤ ማንም በነጻ አይሠራምና አያስወቅሰውም። በሱቅ ደጃፍ ቆሞ ሁለት ኪሎ ዱቄት የሚገዛ ሰው ግን የእነዚህን ሁሉ ሰዎች ድርሻ ባንድ ላይ ይከፍላል። በዚህ የተነሣ ባለጠጋው ጤፉን በኩንታል በርካሽ ሲገዛ፣ ያንኑ ጤፍ በውድ የሚገዛው ገንዘብ ያጠረው ጸሐፊ ወይም ተማሪ ነው። ተማሪዎቻችን ስለ ኢኮኖሚ ብዙ መጽሐፍ ያነባሉ፤ ይህን ግን በእግራቸው ሄደው ቢያዩት መልካም ነበር።

«ታዲያ የኩንታል ገንዘብ ከየት አመጣለሁ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ደመወዝ በገባ ማግስት ባለው ቅዳሜ እህል በረንዳን የዞረ ሰው መልሱን ያየዋል፤ ሦስት አራት ሴቶች አንድ ጆንያ ከብበው ሲመክሩ ያገኛልና። የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች ወይም የአንድ ግቢ ጎረቤቶች ናቸው። አራት ቤተ ሰብ 25 ኪሎ፣ 25 ኪሎ ቢካፈል አንድ ኩንታል ያነሣል። እቁብ ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እንዲያውም አንዳንዶቹ የወሩን እቁብ በብር ፈንታ በጤፍ ያወጡታል ይባላል። ጠብ የሚነሣው በማካፈሉ ጊዜ ስለሆነ፣ ሚዛኑ ሁሉም ባሉበት ቢሆን ይሻላል። ደግሞም ጆንያው 100 ኪሎ ነው ስለተባለ ብቻ ሳያስመዝኑ መክፈል አይገባም። የተሸካሚውንና የመኪናውን ዋጋም አስቀድሞ መደመር ያስፈልጋል፤ ለብቻው 10 ኪሎ ሊገዛ ከሩቅ ሰፈር የሚመጣ ሰው ያተረፈውን ለታክሲ ሰጥቶ ይመለሳል።

ጤፍ በአንድ ነገር ከሌላው እህል ይለያል፤ ነቀዝ አይደፍረውም። ከእርጥበት ተጠብቆ ከተቀመጠ ዓመት ቢቆይ አይበላሽም። በቆሎና ሽምብራ ግን ቶሎ ይነቅዛሉ። ስለዚህ የሚከማቸው ጤፉ ነው፤ እርሱም በጥሬው። የሚፈጨው ግን ለወሩ የሚበቃው ብቻ ነው። ጊዜውም የታወቀ ነው፤ አዝመራው በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ከተወቃ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት አዲሱ ጤፍ ገበያውን ሲሞላ ዋጋው ይለዝባል፤ ክረምት ሲገባ የገበሬው ጎተራ ይጎድላል፣ ዋጋውም ይወጣል።

ስለ ጤፉ ዓይነት አንድ ቃል። ማኛ ከሁሉ ይወደዳል፤ ነጭ፣ ሰርገኛና ቀይ በየደረጃቸው ይከተላሉ። ሰርገኛ በልቶ ያልጠገበ ሰው አላየሁም። በማኛና በሰርገኛ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት አብዛኛው የሚከፈለው ለእንግዳ ዓይን ነው፤ ለእንግዳ ደግሞ በዓመት ስንት ቀን ነው?

ከርካሽ ነገር ሁሉ መጠንቀቅ የሚገባን ከርካሽ ሽሮ ነው። የተፈጨ ሽሮ ሲያዩት አተር ይሁን ጓያ አይለይም። ጓያ ድርቅ የሚችልና ርካሽ እህል በመሆኑ በክፉ ቀን ብዙ ሰው አድኗል፤ ነገር ግን ለብዙ ሳምንታት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን የሚያሽመደምድ መርዝ አለበት። በደምቢያና በደላንታ ገበሬዎች መካከል በችግር ጊዜ ይህ ደርሷል፤ የተሽመደመደው እግርም ተመልሶ አይድንም። አልፎ አልፎ ለሚቀምሰው ሰው የሚያሰጋ አይደለም። ከወር እስከ ወር በሽሮ የሚያድር ተማሪ ግን አተሩን ወይም ሽምብራውን በፍሬው ገዝቶ፣ ለቅሞና ቆልቶ ቢያስፈጭ ገንዘቡም ጤናውም ይተርፋሉ። ጓያ ማዕዘን ያለው፣ ጥርስ የሚመስል ፍሬ ስለሆነ ሳይፈጭ በቀላሉ ይታወቃል።

ቅቤ ሌላ ዘዴ አለው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ጿሚው ሕዝብ ከቅቤ ሲርቅ ፈላጊው ይቀንሳል፤ የፋሲካ ሳምንት ሲደርስ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይሻማበታል። ባልትና የሚያውቁ እናቶች በጾሙ አጋማሽ ገዝተው፣ በኮረሪማና በኮሰረት አንጥረው ያስቀምጣሉ፤ የነጠረ ቅቤ ይቆያልና። ገንዘብ ያለው በዋዜማው ይገዛል፤ ብልኅ በጾሙ። በርበሬም እንዲሁ ዛላው ተገዝቶ፣ ተቀንጥሶ፣ ቅመሙ በልክ ገብቶ ቢዘጋጅ ከተፈጨው ይልቅ ምን እንደተቀላቀለበት ይታወቃል። ልፋቱ ግን ቀላል አይደለም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ለምትውል ሴት ይህን ምከሩ ብባል አፍራለሁ። ባል ካለም ዛላ መቀንጠስ እጅ አይቆርጥም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየሰፈሩ የተከፈተው የእሁድ ገበያ ለሽንኩርትና ለድንች ከመርካቶ ጉዞ ያሳርፋል፤ የሸማቾች ማኅበር ሱቆችም ዘይትና ስኳር በገባላቸው ቀን ይጠቅማሉ፣ ወረፋውን ለሚችል። አትክልት ለመግዛት ግን ሁለት ሰዓቶች አሉ። ጠዋት የሚሄድ ምርጡን ያገኛል። ማምሻውን የሚሄድ ደግሞ የተረፈውን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መሬት ላይ ሸራ ያነጠፉት ሴቶች ቲማቲሙን በኪሎ መመዘን ትተው በመደብ በመደብ ይከምሩታል፤ ለነገ አያድርላቸውምና። «እናቴ፣ ሁለቱን መደብ ባንድ ዋጋ ውሰጂው፣ ልጆቼ ይጠብቁኛል» ይላሉ። አንዳንዷ ገዢ ያን ጊዜም ቢሆን ትከራከራለች፤ ሌላዋ ግን የተጠየቀችውን ከፍላ፣ የፈረጠውን ለዛሬ ወጥ፣ ጠንካራውን ለነገ ለይታ በዘንቢሏ ይዛ ትሄዳለች።