ሞናኮን እንዳየኋት
ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ

የክፍል ጓደኞቼ እንደምታስታውሱት፣ ባለፈው ዓመት «አክስቴ የምትኖረው በሞናኮ ነው፤ በመስኮትዋ ሆና የባለጸጎችን መርከብ ትቈጥራለች» እያልሁ ስመጻደቅ ከርሜ ነበር። ከዚያም ስመለስ የወርቅ ሰዓት አስሬ እንደምመጣ ለብዙዎቻችሁ ተናግሬአለሁ። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ያየሁትን አገር ለመግለጽ ቢሆንም፣ ያን ንግግሬን ለማረም ጭምር ነው።

አክስቴ የአውሮፕላን ቲኬት ልካልኝ በክረምቱ ዕረፍት ኒስ ወደምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ሄድሁ። በዚያው ቀን ወደ ሞናኮ የምንሻገር መስሎኝ ነበር፤ እርስዋ ግን በኒስ ወዳለ አንድ አሮጌ ፎቅ ይዛኝ ወጣች። ቤትዋ አንዲት ክፍል ናት፤ በመስኮትዋም የሚታየው የጎረቤት ግድግዳ እንጂ ባሕር አይደለም። «ሞናኮ የምሠራበት እንጂ የምኖርበት አይደለም፤ የዚያን አገር የቤት ኪራይ በምን ዐቅሜ እችለዋለሁ?» አለችኝ። ቅር እንዳለኝ ፊቴ ሳይናገርብኝ አልቀረም።

ማግሥቱ የዕረፍት ቀንዋ ስለ ነበረ በባቡር ወሰደችኝ። ጕዞው ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ በአንድ ወገን ተራራው፣ በሌላው ወገን የሜዲትራኒያን ባሕር ይታያል። ፓስፖርት የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ ድንበሩን መቼ እንዳለፍን አላወቅሁም። የባቡሩ ጣቢያ በተራራው ሆድ ውስጥ የተሠራ ነው።

ሞናኮ ስፋትዋ 2 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከቫቲካን በቀር በዓለም ላይ ከርስዋ የምታንስ ነጻ አገር የለችም። ከነዋሪዎችዋም ብዙዎቹ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ እንጂ የአገሩ ዜጎች አይደሉም። ቦታው ስለ ጠበበ ሕንፃዎቹ ወደ ሰማይ ተደራርበዋል፤ ያም አልበቃ ብሎ ፎንቪየይ የሚባለው ሠፈር ባሕሩ ተደልድሎ የተመሠረተ ነው።

ስለ ታሪኩ ጥቂት ልበል፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። በ1297 ፍራንቼስኮ ግሪማልዲ የተባለ ሰው መነኵሴ መስሎ ወደ ምሽጉ ገባና በቀሚሱ ሥር በደበቀው ሰይፍ ቦታውን ያዘ ይባላል። ስለዚህ በአገሩ ዓርማ ላይ ሰይፍ የያዙ ሁለት መነኰሳት ይታያሉ። ዛሬም ገዢው ልዑል ዳግማዊ አልቤር የግሪማልዲ ቤት ነው። አባቱ ልዑል ሬኒየ በ1956 አሜሪካዊቱን የሲኒማ ተዋናይ ግሬስ ኬሊን ባገባ ጊዜ የአገሩ ስም በዓለም ሁሉ ተሰማ። ሁለቱም በካቴድራሉ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀብረዋል፤ መቃብራቸውንም አይተናል።

የሚያስደንቀው ግን ሀብቱ የመጣው ከድኽነት መሆኑ ነው። ሞናኮ በ1861 አብዛኛውን መሬትዋን፣ ሎሚ የሚበቅልባትን ማንቶንን ጭምር፣ ለፈረንሳይ ስለ ለቀቀች ገቢዋ ደረቀ። በዚህ ጊዜ ልዑሉ ሣልሳዊ ቻርልስ የቁማር ቤት አስፋፋ፤ ሞንቴ ካርሎ የተባለውም ሠፈር በስሙ ተጠራ። ከቁማሩ በተገኘው ገንዘብ በ1869 ከሕዝቡ ላይ የገቢ ግብር ተነሣ። የአገሩ ዜጎች ግን በዚያ ቤት እንዳይጫወቱ በሕግ ተከልክለዋል። አክስቴ ይህን ነግራኝ ስታበቃ «ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም ቢባልም፣ እነዚህስ ዐውቀውበታል» ብላ ሣቀች።

እኔ ዕድሜዬ ለቁማር ስለማይፈቅድ በደጃፉ ቆሜ መኪናዎቹን አየሁ። ከዚያም በአንድ ሱቅ መስታወት ውስጥ ሰዓት አይቼ ዋጋውን ባነብ፣ ዜሮዎቹን ሁለት ጊዜ መቍጠር ነበረብኝ። አክስቴ አጠገቤ ቆማ፣ «ይህን እንኳ አልችልም፤ ግን በኒስ ደኅና ሰዓት የሚገዛ ገንዘብ አስቀምጬልሃለሁ» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ በፎንቪየይ ያለውን ሉዊ ዳግማዊ ስታዲየም አሳየችኝ። ቦታ ለመቈጠብ ሲባል ሜዳው የተሠራው ከመኪና ማቆሚያ በላይ ነው። ገንዘቤ ዲባባ በጁላይ 17 ቀን 2015 በ1500 ሜትር 3 ደቂቃ ከ50.07 ሰከንድ ሮጣ፣ 22 ዓመት ያህል የቆየውን የዓለም ሪኮርድ የሰበረችው በዚሁ ሜዳ ነው። አክስቴ በዚያ ምሽት ከሥራዋ ወጥታ፣ የሥራ ጫማዋን ሳትለውጥ፣ ሩጫውን ተመልክታ ነበር። «በዚህ አገር እየሠራሁ ቀና ብዬ የሄድሁት ያን ቀን ነው» ብላ ዝም አለች።

በማግሥቱ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አብሬያት ልሂድ ብዬ ለመንኋት። ባቡሩ በሰው ተጨናንቆ ነበር፤ ወጥ ቤቱ፣ ግንበኛው፣ ነርሱ፣ አትክልተኛው ሁሉ ቆሞ እያንቀላፋ ይሄዳል። በየቀኑ ከፈረንሳይና ከጣሊያን እየመጡ በሞናኮ የሚሠሩት ሰዎች ከነዋሪዎቹ ይበዛሉ። አክስቴ በአንድ ሆቴል የጓሮ በር በኩል ገባች። በቀን 14 ክፍል ታጸዳለች፤ አንሶላ ትለውጣለች፤ መታጠቢያ ቤት ትፈትጋለች። ማታ ስንመለስ እጅዋን አየሁት፤ በመድኃኒቱ ተልጦ ነበር። የትምህርት ቤት ክፍያዬ ከዚያ እጅ እንደሚመጣ ዐውቅ ነበር፤ እጁን ግን አላውቀውም ነበር።

በዚያ ምሽት ስለ እርስዋ ለጓደኞቼ ያወራሁትን ሁሉ ነገርኋት። ትቈጣለች ብዬ ነበር፤ እርስዋ ግን እንባዋ እስኪመጣ ሣቀች። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተትዋንም አላይ! መርከቡንስ በመወልወያዬ ላይ ተደግፌ ብዙ ጊዜ ቈጥሬዋለሁ» አለችኝ።

ለሰዓት ባስቀመጠችው ገንዘብ የእጅ ቅባትና ወፍራም የጎማ ጓንት እንድትገዛ ለመንኋት። ጓንቱን ገዛች፤ የቀረውን ግን እምቢ ብላ ለመጽሐፍ መግዣ በኪሴ ከተተችው።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ «ሰዓቱ የታለ?» እያላችሁ የጠየቃችሁኝ ሁሉ መልሴ ይህ ነው። አክስቴ በሞናኮ አትኖርም፤ ትሠራለች። ከእንግዲህ ወዲያ ስለ እርስዋ የምኰራው በዚህ ነው።