ፔሮል በፍላሽ፣ ፔሮል በሰርቨር

ወላይታ ሶዶ ላይ ወር ሲያልቅ የሒሳብ ክፍል ሥራ ምን እንደሚመስል አገር ቤት የሠራ ያውቀዋል። ፔሮሉ በኤክሴል ተሠርቶ ይታተማል፣ ይፈረምበታል፣ ማኅተም ያርፍበታል። ሶፍት ኮፒው በፍላሽ ይገለበጥና ሁለቱም ወደ ባንክ ይሄዳሉ። ቅርንጫፉ አረካ ወይም ቦዲቲ ከሆነ ፍላሹ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ሊመጣም ይችላል። ፍላሹ ቫይረስ ካለበት ደግሞ «በቴሌግራም ላኪልኝ» ይባላል። ከዚያ በኋላ የሠራተኛው ሁሉ ስም፣ የሒሳብ ቁጥርና ደመወዝ በአንድ ሰው የግል ስልክ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ማን ያጠፋዋል?

ለንደን የምሠራበት ቢሮ ይህንኑ ፋይል የሚልከው ኤስኤፍቲፒ የተባለውን የፋይል ማስተላለፊያ ዘዴ በሚቀበል ሰርቨር ነው። ፋይሉ ተመስጥሮ ይጓዛል። ተቀባዩ የሚገባው በዲጂታል ቁልፍ ነው። ማን በስንት ሰዓት እንዳስገባና እንዳወረደ ይመዘገባል፣ ቀኑ ሲያልፍም ፋይሉ በራሱ ይሰረዛል። የዚህ ዘዴ መሠረት የሆነውን፣ ኤስኤስኤች የተባለውን ፕሮቶኮል ፊንላንዳዊው ታቱ ይሎነን በ1995 እ.ኤ.አ. የጻፈው በሄልሲንኪ የዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃሎች ከተሰረቁ በኋላ ነው።

ፈረንጅ አይዘረፍም ማለቴ አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. ሙቭኢት የተባለው፣ ለዚሁ ለፋይል ማስተላለፊያ የሚሸጥ ሶፍትዌር ክፍተት ተገኝቶበት ከ2,000 በላይ ድርጅቶች ተጎዱ። የቢቢሲ፣ የብሪቲሽ ኤርዌይስና የቡትስ ሠራተኞች መረጃ የወጣውም ደመወዛቸውን በሚያዘጋጀው ዜሊስ በኩል ነበር። በአንድ ሰርቨር ብዙ ድርጅት ሲገለገል ጉዳቱም የብዙዎች ነው፤ የሶዶው ፍላሽ ቢጠፋ ግን የሚጋለጠው አንድ ድርጅት ብቻ ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ እንግሊዝ መረጃው የወጣበት ሠራተኛ መውጣቱ ተነግሮታል። በቴሌግራም የተበተነ ፔሮል መበተኑን ራሱ ማን ያውቃል? ለእኔ ከምስጠራው ይልቅ ትልቁ ነገር ማን እንዳወረደ የሚያሳየው መዝገብ ነው። (የተለመደው የቴሌግራም ቻት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ እንዲያ የሆነው «ሚስጥራዊ ቻት» የሚባለው ብቻ ነው።)

በዚያ ላይ ቴሌግራም ሊዘጋ ይችላል። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ለወራት ያለ ቪፒኤን አልከፈት ብሎ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ማዕከላቱ በስድስት ከተሞች ሲከፋፈሉ፣ ሶዶ የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። ከሶዶ አርባ ምንጭ፣ ዲላና ጂንካ የሚላላክ መሥሪያ ቤት ከማንም በላይ የራሱ ሰርቨር ያስፈልገዋል። ነገሩ የሕግም ጉዳይ ሆኗል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰርቨሩ ሶፍትዌር ውድ ነው እንዳይባል፣ ኦፕንኤስኤስኤች የተባለው የኤስኤስኤች ሥሪት በነጻ ይገኛል። የሚከብደው ሰርቨሩን ቀን ከሌት የሚያሠራ መብራትና የሚከታተለው ባለሙያ ነው።

ሶዶ በሒሳብ ሥራ ላይ ያለችውን የአክስቴን ልጅ ለጊዜው የመከርኳት ኤክሴሉን በይለፍ ቃል ቆልፋ እንድትልክ፣ ቃሉን ደግሞ ደውላ እንድትናገር ነው። ባንክ ያለው ልጅ «ቆልፈሽ ምን ልትደብቂን ነው?» ብሏታል።